በብርድ ወራት አንድ ቀን በዊንድሶር

አገር ለማየት የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ጊዜውን መምረጥ ይገባዋል። ብዙ ሰው ግን የሚመርጠው ሌላው የመረጠውን ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ፀሐይ ስለምትሞቅና ቀኑም ስለሚረዝም፥ ስመ ጥር የሆኑት የግንብ ከተሞች በመንገደኛ ተጨናንቀው ይሰነብታሉ። አባት የልጁን እጅ እንዳይለቅ ሲጠነቀቅ፥ እናትም በምግብ ቤት ወንበር ስትፈልግ ቀኑ ያልቃል፤ ማታ ልጆቹ ምን አያችሁ ተብለው ቢጠየቁ የሚነግሩት የሰዉን ብዛት ነው። በጥርና በየካቲት ግን እነዚያው ከተሞች ጸጥ ይላሉ። በር ጠባቂው ለጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ያገኛል፤ አረጋዊ ሳይጋፋ ይራመዳል፤ ሕፃንም ባየው ነገር ፊት ቆሞ እስኪበቃው ድረስ ሊመለከት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ በብርድ ወራት ቤተ ሰብ በአንድነት ስለሚያደርገው የአንድ ቀን ጉዞ እንጽፋለን። ቦታዪቱም ከሎንዶን በስተ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር የምትገኘው ዊንድሶር ናት።

ዊንድሶርን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ መንገዱ አጭር፥ ከተማዪቱም በእግር የምትዳረስ ስለ ሆነች፥ ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤተ ሰብ ትስማማለች። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ግን፥ በዚያ ግንብ ቅጥር ውስጥ፥ የእንግሊዝ ነገሥታት በሚቀበሩበት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፥ አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ተቀብሮ የሚገኝ መሆኑ ነው። እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ልጆቻቸውን በውጭ አገር የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህን ታሪክ እንዴት አድርገው ለልጆቻቸው ሊነግሩ እንደሚገባ ማሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን እንደ አገራችን ልማድ ነው።

የመንገድ ዝግጅት

እኛ ክረምት የምንለው ሰኔ ግም ብሎ ዝናም የሚወርድበትን ወራት ነው። የእንግሊዞች ክረምት ግን በእኛ በጋ ላይ ይውላል። እኛ ጥምቀትን በጠራራ ፀሐይ ስናከብር፥ በዚያ አገር ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። ፀሐይም ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ስለዚህ በክረምት የሚጓዝ ሰው ቀኑን እንደ ቆጣቢ ሰው ገንዘብ መያዝ አለበት፤ ከቤት ዘግይቶ የወጣ ሰው ያሰበውን ሳያይ ይመሽበታል።

እኛ አብረናቸው የተጓዝነው ቤተ ሰብ በሎንዶን የሚኖሩ አንዲት እናት፥ ሁለት ልጆቻቸውና ከጎንደር ለጥየቃ የመጡት አያታቸው ነበሩ። ታላቂቱ ልጅ 7 ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ገና 5 ዓመት አልሞላውም። ጉዞው የተደረገው ከጥምቀት በኋላ በዋለው ቅዳሜ ነው። እናቲቱ ቀኑን በማስተዋል መርጠውታል፤ የዊንድሶር ግንብ ማክሰኞና ረቡዕ ለጎብኚ ዝግ ነውና፤ እሑድ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ካልሆነ በቀር ለጎብኚ አይከፈትም። በክረምት ወራት ግንቡ ከጧቱ 4 ሰዓት ተከፍቶ 10 ሰዓት ከሩብ ይዘጋል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው አይገባም። አንዳንድ ጊዜም ስለ መንግሥት ሥራ በድንገት ስለሚዘጋ፥ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ይገባል። ቲኬቱንም አስቀድሞ መግዛት ወጪ ያቀላል፤ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ያለ ክፍያ ይገባል።

ስለ ልብስ ጥቂት እንበል። የእንግሊዝ ብርድ እንደ ደጋ ውርጭ ጥርት ያለ አይደለም፤ እርጥበት ያለበት ስለ ሆነ ቀስ ብሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ በላዩ ካፖርት መደረብ ይሻላል፤ ቤት ውስጥ ሲገቡ ማውለቅ ይቻላልና። ለልጆች ጓንትና ትርፍ ካልሲ መያዝ አይዘንጋ። አያቲቱ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ አጣፍተው፥ በኪሳቸው ቆሎ ቋጥረው፥ ሻዩን በፔርሙስ አስይዘው ነበር የወጡት። ይህ የቆየ የአገራችን የስንቅ ልማድ በእንግሊዝ ባቡር ውስጥም ጥቅሙን አላጣም።

ከሎንዶን ወደ ዊንድሶር ሁለት የባቡር መንገድ አለ። አንደኛው ከዋተርሉ ጣቢያ ተነሥቶ ሳይለወጥ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ በወንዙ ዳር ያደርሳል፤ ሁለተኛው ከፓዲንግተን ተነሥቶ ስላው በምትባል ከተማ ባቡር ተለውጦ፥ በጥቂት ደቂቃ ከግንቡ ሥር ያወርዳል። ሁለቱም መንገዶች በ1849 የተከፈቱ ናቸው። ስላው ላይ ባቡር ለሚለውጥ ሰው፥ ግንቡ በሜዳው ላይ ከሩቅ ብቅ ሲል በመስኮት ማየት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው።

በግንቡ ውስጥ

የዊንድሶርን ግንብ መጀመሪያ የመሠረተው ድል አድራጊ የተባለው ንጉሥ ዊልያም ነው፤ ዘመኑም 1070 ገደማ ነበረ። ቦታውን የመረጠው ሁለት ነገር አይቶ ነው፤ ከፍ ያለው ኮረብታ የቴምዝን ወንዝ ቁልቁል ይመለከታል፥ ደግሞም ከሎንዶን የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ነው። የመጀመሪያው ምሽግ የእንጨት ነበረ፤ በድንጋይ መሥራት የተጀመረው ከመቶ ዓመት በኋላ በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘመን ነው። ዛሬ ቅጥሩ ከ5 ሄክታር በላይ መሬት ይዞ፥ ሰው ከሚኖርባቸው የዓለም ግንቦች ሁሉ ሰፊውና ጥንታዊው ይባላል። በመካከሉ የሚታየው ክብ ግንብ በሰው እጅ በተከመረ አፈር ላይ የቆመ ነው፤ በዙሪያውም ያለው ጥልቅ ቦይ ውኃ የሌለበት፥ አትክልት የተተከለበት ነው።

አያቲቱ ቀና ብለው አይተው፥ «የፋሲልን ግንብ ዘመድ ይመስላል፤ ነገር ግን የእኛው ይበልጥ ሞገስ አለው» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ከረፋዱ 5 ሰዓት የዘብ ለውጥ ይሆናል፤ ይህም በየቀኑ ሳይሆን በተወሰኑ ቀኖች ነው። ወታደሮቹ ረጅሙን የድብ ቆዳ ቆብ ደፍተው፥ በሙዚቃ ታጅበው በከተማው መንገድ ወደ ግንቡ ይወጣሉ። በበጋ የሚታየው ቀዩ ልብሳቸው በክረምት በግራጫ ካፖርት ይሸፈናል። በበጋ ይህን ለማየት ልጅን በትከሻ መሸከም ያስፈልጋል፤ በዚያ ቅዳሜ ግን ትንሹ ልጅ በመጀመሪያው ረድፍ ቆሞ፥ ከፊቱ ያለፈውን የከበሮ መቺ ጫማ ሳይቀር ተመልክቷል።

ለጎብኚ የሚታዩት የቤተ መንግሥቱ አዳራሾች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ያስጌጧቸው የእንግዳ መቀበያ ክፍሎች የሚታዩት በመከርና በክረምት ወራት ብቻ ነው፤ በበጋ የመጣ ሰው አያያቸውም። እነዚህ ክፍሎች ኅዳር 20 ቀን 1992 ከደረሰው ቃጠሎ የተረፉ አይደሉም፤ ታድሰው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ቀን በአንድ የጸሎት ክፍል ውስጥ የነበረ መብራት መጋረጃ አቃጥሎ፥ እሳቱ 15 ሰዓት ያህል ነድዶ 115 ክፍሎችን ጎዳ። ሠራተኞችና ወታደሮች እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ሥዕሉንና የቤቱን ዕቃ አወጡ። ሥራው በ5 ዓመት ተፈጽሞ 36 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ወጣበት፤ ለዚህም ወጪ እንዲረዳ በሎንዶን ያለው የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ከ1993 ጀምሮ ለጎብኚ ተከፈተ። ዛሬ የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ተብሎ የሚጠራው ቤት ጣራው ከወይራ የጠነከረ በሚመስል የኦክ እንጨት እንደ ጥንቱ ዘመን ጥበብ እንደገና የተገጠመ ነው። ልጆች የተቃጠለ ቤት በትዕግሥት ሊሠራ እንደሚችል በዓይናቸው ማየታቸው መልካም ትምህርት ነው።

ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የንግሥት ሜሪን የአሻንጉሊት ቤት ነው። ኤድዊን ላትየንስ የተባለ የሥነ ሕንፃ ሊቅ ከ1921 እስከ 1924 ያሠራው ይህ ቤት፥ ከእውነተኛው ቤት 12 እጅ ያነሰ ነው። በቧንቧው ውኃ ይወርዳል፤ መብራቱ ይበራል፤ በመጻሕፍት ቤቱ ያሉትንም ትንንሽ መጻሕፍት የዘመኑ ደራሲዎች በእጃቸው ጽፈው የሰጡአቸው ናቸው። በበጋ በዚህ ቤት ፊት ለመቆም ረጅም ሰልፍ ይጠበቃል። ልጆቹ ግን አራት ጊዜ ዞረው አይተውት፥ የወጥ ቤቱን ድስት እስከ መቍጠር ደረሱ።

የልዑሉ ሰሌዳ

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በግንቡ በታችኛው አደባባይ ይገኛል። ሥራውን በ1475 ያስጀመሩት ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ናቸው፤ የተፈጸመውም በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1528 ነው። በ1348 ገደማ በንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ የተመሠረተው የጋርተር ኒሻን መንፈሳዊ ቤቱ ይህ ነው፤ ይህንም ኒሻን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ተቀብለዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሄንሪ 8ኛና አንገታቸው የተቆረጠው ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ተቀብረዋል፤ በ2022 ያረፉት ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛም ከባላቸውና ከወላጆቻቸው ጋር በዚያው አርፈዋል።

አያቲቱ በሩን ተሳልመው ገቡ። «ጊዮርጊስስ የእኛም ነው» አሉ፤ በር ጠባቂውም ቃሉ ባይገባቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። የሰሌዳውን ቦታ ብንጠይቃቸው ያለ ችኮላ ከፊታችን ቀድመው መሩን።

ሰሌዳው የናስ ነው፤ ትልቅ አይደለም። ያስተከሉት ንግሥት ቪክቶሪያ ሲሆኑ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በዚህ ቦታ አጠገብ መቀበሩን፥ ከተወለደበትና ከሞተበት ቀን ጋር ይናገራል። በመጨረሻውም ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰደው፥ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል ተጽፎበታል።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት መቅደላ ድረስ በወጣ ጊዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ልጃቸው ዓለማየሁ ያን ጊዜ ዕድሜው 7 ዓመት ገደማ ነበረ። ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጋር ጦሩ ይዞት ሲመለስ፥ እናቱ በመንገድ ታመው ዐረፉ፤ ጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ሕፃኑ አባቱንና እናቱን በጥቂት ሳምንት ውስጥ አጥቶ በዚያው በ1868 እንግሊዝ አገር ገባ። አሳዳጊ ሆኖ የተሰጠው፥ ቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረና አማርኛ የሚያውቀው፥ ኢትዮጵያውያንም ባሻ ፈለቀ ይሉት የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው በኦዝቦርን ቤታቸው አይተውት ወደዱት፤ እስኪሞትም ድረስ ያስቡለት ነበር። ነገር ግን የመንግሥቱ ሹማምንት ልጁ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ይደግ ብለው ስለ ወሰኑ፥ ከስፒዲ ተለይቶ በቼልተናም፥ ኋላም በራግቢ ተማረ። ከዚያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ አልቀናውም። በመጨረሻ በሊድስ ከቀድሞ አስተማሪው ቤት ሳለ በሳንባ ሽፋን ሕመም ታሞ ኅዳር 14 ቀን 1879 ሞተ፤ ዕድሜውም 18 ዓመት ነበረ። ንግሥቲቱ በዊንድሶር እንዲቀበር አዘዙ።

እናቲቱ ይህን ለልጆቹ ሲነግሩ፥ በበጋ ቢሆን ኖሮ ከኋላ የሚገፋ ሰልፍ በኖረ ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ከእኛ በቀር በአካባቢው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ታሪኩ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ተነገረ።

አያቲቱ የሰሌዳውን ቃል አስተርጉመው ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዳስ ወዶ የመጣ፥ ሲሻውም ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። ይህ ግን ምርኮኛ ልጅ ነበረ» አሉ።

እናቲቱም፥ «እውነትዎን ነው እናቴ፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ከልባቸው አዝነውለታል» አሏቸው።

«ማዘናቸውንማ አልክድም። ኀዘንና ፍርድ ግን ለየብቻ ናቸው።»

ታላቂቱ ልጅ እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገረችም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን፥ በተሰባበረ አማርኛ፥ «እማማ፥ እናቱ ከሞተች በኋላ በአማርኛ ማን ያናግረው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አያቲቱም፥ «በመጀመሪያ ያ ባሻ ፈለቀ የሚባለው ፈረንጅ ነበረ። እርሱ ከተለየው በኋላማ ማን ነበረው፥ ልጄ። እንግዲህ በስልክ ሳገኝሽ በአማርኛ መልሺልኝ እያልሁ የማስቸግርሽ ለዚህ ነው» አሏት።

ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ስሙን በፊደላችን ለመጻፍ ፈለገች፤ ሰሌዳው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና። የትኛው «ዓ» እንደ ሆነ እናቷን ጠይቃ፥ «ዓለማየሁ» ብላ ጻፈች። የስሙንም ትርጉም አያቷ ነገሯት።

አንባቢ ከዚህ ላይ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት የልዑሉ አፅም ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው በልዑሉ ዘመዶች ዘንድም ሲነሣ ቆይቶ፥ በ2023 ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ፥ በአጠገቡ የተቀበሩትን የብዙ ሰዎች አፅም ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ግን፥ በስፒዲ ቤተ ሰብ ዘንድ ተጠብቆ የኖረ የልዑሉ የራስ ጠጕር ጉንጉን በሎንዶን ለኢትዮጵያውያን ተመልሷል። ከዚህም በቀር በዚሁ ግንብ ባለው የነገሥታት መጻሕፍት ቤት ከመቅደላ የተወሰዱ 6 የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ያልተዘጋ ጉዳይ ነው።

ከተማውና ወንዙ

ከግንቡ ሲወጡ ሰውነት ስለሚበርደውና ልብም ስለሚከብደው፥ ሞቅ ያለ ምግብ ያስፈልጋል። በዊንድሶር ከግንቡ ፊት ለፊት ያሉት ምግብ ቤቶች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ወደ ውስጥ ገባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ወይም ከድልድዩ ማዶ መፈለግ ይሻላል። እንግሊዞች ስኮን የሚሉትን ትኩስ ትንንሽ ዳቦ በፍራፍሬ ማርማላታና በወፍራም ክሬም ቀብተው ከሻይ ጋር ይበሉታል። አያቲቱ ቀምሰው፥ «ሆድ አይሞላም፤ ግን ያጫውታል» ብለውታል።

በከተማው መካከል ያለው የሸንጎ ቤት በ1690 ገደማ የተፈጸመ ነው። የፈጸመውም ዝነኛው ክሪስቶፈር ሬን ነው። ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ቢመለከቱ፥ የመካከሎቹ ዓምዶች ጣራውን አይነኩም፤ ጥቂት ክፍተት አለ። የከተማው ሽማግሌዎች ቤቱ እንዳይወድቅ ፈርተው ዓምድ ይጨመር ባሉ ጊዜ፥ ሊቁ ለማይረባው ፍርሃታቸው የማይሸከም ዓምድ ሠራላቸው ተብሎ ይተረካል። ከጎኑ ያለው የ17ኛው መቶ ዘመን ቤት ደግሞ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ የቆመ ነው፤ አጠገቡም ርዝመቱ 16 ሜትር እንኳ የማይሞላ መንገድ አለ፤ ትንሹ ልጅ መንገዱን በእርምጃው ለክቶ ጨርሶ እጅግ ኮራ።

ከዚያ ቁልቁል ጥቂት ቢወርዱ የቴምዝ ወንዝ ይገኛል። በበጋ ሽርሽር የሚያመላልሱት ጀልባዎች በዚያ ቀን ታስረው ነበር። በምትኩ እንግሊዞች ስዋን የሚሏቸው አንገተ ረጅም ነጭ የውኃ ወፎች ወንዙን ሞልተውት ነበር። በ1824 የተከፈተው ድልድይ ከ1970 ጀምሮ ለመኪና ስለ ተዘጋ፥ ልጆች ያለ ሥጋት ይሻገሩበታል። ከማዶ የምትታየው ኢተን ናት። በዚያ ያለውን ስመ ጥር ትምህርት ቤት በ1440 የመሠረቱት ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ፥ ሐሳባቸው 70 ድኾች ልጆች ያለ ክፍያ እንዲማሩበት ነበር፤ ዛሬ ግን ይበልጡን የባለጠጎች ልጆች ይማሩበታል።

ጉልበት የቀረው ሰው ከግንቡ በስተ ደቡብ ወደ ተዘረጋው ረጅም መንገድ ይሂድ። ይህ የእግር መንገድ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ፥ በግራና በቀኝ ዛፍ ተተክሎበት፥ በኮረብታ ላይ በፈረስ ተቀምጠው እስከሚታዩት እስከ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሐውልት ይደርሳል። በበጋ ቅጠሉ የሚጋርደውን በክረምት ዓይን ያለ ከልካይ ያየዋል፤ ወደ መጨረሻውም አጋዘኖች ይሰማራሉ። ሕፃናት ይዞ እስከ ሐውልቱ መሄድ ግን አይመከርም፤ ሲመለሱ ይጨልማልና። እኛም ግማሽ እንኳ ሳንሄድ፥ ፀሐይ ስትቀላ ተመልሰን ወደ ባቡሩ አመራን።

ለወላጆች የምንለው

እንዲህ ያለ ጉዞ ከዕረፍት ቀን ደስታ አልፎ ለልጅ የሚተርፍ ነገር እንዲኖረው፥ ወላጆች ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው።

መጀመሪያ፥ የልዑሉን ታሪክ ከጉዞው በፊት በቤት ውስጥ መጀመር ይገባል። ልጅ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ሰው ሰሌዳ ፊት ቢቆም የሚያየው ናስ ብቻ ነው። አስቀድሞ የሰማ እንደ ሆነ ግን፥ እንደ ዘመድ ፈልጎ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፥ ታሪኩን ሳይቀንሱ መንገር ያስፈልጋል። ጦርነቱንና ምርኮውን ደብቆ የንግሥቲቱን ደግነት ብቻ የሚናገር ወላጅ ልጁን ያታልላል። ደግነቱን ሰርዞ ጥላቻን ብቻ የሚያስተምርም፥ በዚያው አገር ከእንግሊዞች ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ለሚቀመጥ ልጅ የማይችለውን ሸክም ያሸክመዋል። ልጆች ሁለቱንም በአንድነት መስማት ይችላሉ፤ አያቲቱ በዚያ ሰሌዳ ፊት የተናገሩት ቃል ለዚህ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፥ ለጥያቄ ጊዜ መተው ነው። የብርድ ወራት ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። ከጧቱ እስከ ማታ አሥር ነገር ለማየት የሚሮጥ ቤተ ሰብ የልጁን ጥያቄ መንገድ ላይ ጥሎት ያልፋል። አራት ነገር ብቻ አይቶ የሚመለስ ግን ለአንዲት ጥያቄ ቆሞ መልስ ይሰጣል። ቀኑ አጭር በመሆኑ የሚቀር ነገር ቢኖር የአዳራሹ ወይም የሱቁ ይቅር እንጂ፥ የጥያቄው ሰዓት አይቅር።

እንግዲህ በእንግሊዝ አገር የምትኖሩ፥ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ የምትሄዱ አንባቢዎቻችን፥ በጥር ወይም በየካቲት አንድ ቅዳሜ ብታገኙ ካፖርታችሁን ደርባችሁ፥ ስንቃችሁን ይዛችሁ ዊንድሶርን እዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ስትደርሱም የበር ጠባቂዎቹን የዓለማየሁ ሰሌዳ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው በተደጋገመ ቍጥር በዚያ የሚያገለግሉትም ሰዎች ስሙን አይረሱትም። ከልጆቻችሁም አንዱ በሰሌዳው ፊት ቆሞ ስሙን በአማርኛ ድምፅ ይጥራው።